የአምፕሊፋየር ድምፅ ዜግነት የለውም

ስለ ጊታር አምፕሊፋየር ድምፅ በሚነገረውና በሚጻፈው ነገር ላይ አንድ በሽታ ሠልጥኗል። በሽታው የቃል በሽታ ነው። «ይኼ አምፕ እንግሊዛዊ ድምፅ አለው፣ ያኛው አሜሪካዊ ነው፤ ቫልቭ ሞቃት ነው፣ ትራንዚስተር ቀዝቃዛ ነው፤ ይኼኛው ነፍስ አለው፣ ያኛው የለውም» ይባላል። ተናጋሪው ይህን ተናግሮ ዝም ይላል። ለምን? ተብሎ ሲጠየቅም «ጆሮ ያለው ይሰማዋል» ብሎ ያልፋል። ሰሚውም ጆሮ እንደሌለው እንዳይቆጠርበት ፈርቶ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ጽሑፍ ያንን የራስ ንቅነቃ ለመቃወም የተጻፈ ነው።

«ይህ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነው፤ ስለ አምፕ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! ጉዳዩ የቃል ጉዳይ ነው። ባዶ ቅጽል በግጥም ውስጥ ሲገባ የምንጮህ ሰዎች፣ ያው ባዶ ቅጽል በሙዚቃ ሂስ ውስጥ ሲገባ ዝም የምንልበት ምክንያት የለም።

«ድምፅ በቃል አይገለጽም» ከሚሉት ወገኖች ጋርም ቢሆን አንስማማም። ጠባችን ከመግለጽ ጋር ሳይሆን፣ ሳይገልጹ የገለጹ ከሚመስላቸው ጋር ነው። አማርኛ የድምፅ ቃል አልቸገረውም። ጎርናና፣ ሻካራ፣ ስርቅርቅ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ የታፈነ እያልን የሰውን ጉሮሮ ስንለይ ኖረናል። ጥያቄው ቃሉ ምን ላይ ቆሟል? የሚለው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የዜግነቱን ነገር እንመርምር። የ«እንግሊዛዊ ድምፅ» አባት ነው የሚባለው ማርሻል ነው። ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ ነበር፤ በምዕራብ ለንደን፣ ሀንዌል በተባለ ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። በ1962 ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር የመጀመሪያውን አምፕ ሲያስቡ ለአርአያነት የያዙት ምን ነበር? ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራውን ቤዝማንን! ጄቲኤም 45 የተባለው የማርሻል በኩር ሥራ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ቤዝማን ሰርኪት ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ «እንግሊዛዊው» አባት ራሱ አሜሪካዊ አባት አለው። ቤዝማንም ቢሆን ስሙ እንደሚናገረው ለቤዝ ጊታር የታሰበ ነበር፤ የጊታር ተጫዋቾች ናቸው ወስደው የራሳቸው ያደረጉት።

ታዲያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሰማሉ? አይሰሙም። የሂስ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ፌንደር በመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ ላይ የተከለው ቫልቭ 12ኤዋይ7 ነው፤ የማጉላት አቅሙ 44 ገደማ ይሆናል። ማርሻል በዚያው ቦታ ኢሲሲ83 አደረገ፤ የዚህኛው 100 ነው። ስለዚህ ማርሻሉ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይሰበራል። የፌንደር ስፒከሮች አራት ባለ10 ኢንች ጄንሰን ሆነው፣ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ ከአምፑ ጋር አብረው ተቀምጠዋል። የማርሻል ደግሞ አራት ባለ12 ኢንች ሴለስቲየን ሆነው፣ ጀርባው በተዘጋ ሌላ ሣጥን ገብተዋል። ጀርባው ክፍት ሲሆን ድምፁ ከኋላም ይወጣል፤ ክፍሉን ይሞላል፤ ነገር ግን ከፊትና ከኋላ የወጣው ወፍራም ድምፅ እርስ በርሱ እየተጣፋ ይሳሳል። ሲዘጋ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይጠብቃል፤ ወደ ፊት ይገፋል። በቃ ይኸው ነው። ልዩነቱ የቫልቭ፣ የስፒከርና የሣጥን ልዩነት ነው እንጂ ከቴምዝ ወንዝ የተቀዳ አይደለም።

በዚህ ላይ ደግሞ ቮክስ አለ። በ1959 በዲክ ዴኒ ንድፍ በእንግሊዝ አገር፣ ዳርትፎርድ የተወለደው፣ በኋላም ቢትልሶች ያስከበሩት ኤሲ30 ማለት ነው። ይኼ አምፕ አራት ትናንሽ ኢኤል84 ቫልቮች አሉት። ፌንደርና ማርሻል ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ወደ ኋላ መልሰው ስሕተቱን የሚያርሙበት መስመር አላቸው፤ ቮክስ የለውም። ስለዚህ ድምፁ ከጥሩ ወደ ሻካራ በአንድ ጊዜ አይዘልም፤ ጣት በከበደ ቁጥር ቀስ እያለ ይሻክራል። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንደ ቃጭል ጥርት ብሎ ይወጣል። እንግዲህ ፍረዱ! እህትማማቾቹን ቤዝማንንና ማርሻልን በዜግነት የሚያለያይ፣ የማይመሳሰሉትን ማርሻልንና ቮክስን «እንግሊዛዊ» ብሎ ባንድ ከረጢት የሚከት ቃል ማንን ያገለግላል? ሰሚውን አያገለግልም፤ ሻጩን ነው። ዛሬም ድረስ አምፕን በሚያስመስሉ ዲጂታል መሣሪያዎች ላይ «ብሪት» የሚል ስም ተለጥፎ ይሸጣል፤ ገዢውም ከስሙ ጀርባ ያለውን አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጣዖት ቫልቭ ነው። «ቫልቭ ሲሰበር ጥንድ ሃርሞኒክ ያወጣል፤ ጆሮ የሚወደውም እሱን ነው» የሚባለው ስብከት በቃል የተጠና ሆኗል። ስብከቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ራስል ሀም በ1973 ያሳተመውን ጥናት ነው። ግን ሀም የመረመረው ምን ነበር? በቀረጻ ስቱዲዮ የሚሠራበትን የማይክሮፎን ማጉያ ነው፤ የጊታር አምፕ አይደለም። በሌላ በኩል ቤዝማን፣ ማርሻልና ቮክስ መጨረሻ ላይ ያሉት የኃይል ቫልቮቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ሲገፋ አንዱ እየሳበ የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው አሠራር ደግሞ በዚያ ደረጃ የሚፈጠረውን ጥንድ ሃርሞኒክ እርስ በርሱ ያጣፋዋል። ስብከቱ የሚያመልከውን ነገር ራሱ አምፑ ያጠፋዋል ማለት ነው!

ልዩነት የለም እያልን አይደለም። አለ። የቫልቭ አምፕ በአብዛኛው ስፒከሩን ጨምድዶ አይዝም፤ ስፒከሩ በተፈጥሮው በሚያስተጋባበት ወፍራም ድምፅ ላይ ከፍ ይላል፣ በቀጭኑም በኩል እንደዚሁ። ብዙ ሰው «ሞቅ ያለ» የሚለው አንዱ ነገር ይኼ ነው። ይህ ግን ነፍስ ሳይሆን የሰርኪት ጠባይ ነው፤ ንድፍ አውጪ ከፈለገ በትራንዚስተርም ያቀርበዋል። ትራንዚስተር ሁሉ ቀዝቃዛ ነው የሚል ካለ ለቢ.ቢ. ኪንግ ይንገረው። የብሉዝ ንጉሥ የተባለው ሰው፣ ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል የተባለለት ሰው፣ የሚወደው ላብ ሲሪስ ኤል5 የተባለ ባለትራንዚስተር አምፕ ነበር። በ1975 የወጣው የሮላንድ ጃዝ ኮረስም ባለትራንዚስተር ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈልጉ ተጫዋቾች የመረጡት ግን ወደው እንጂ ቫልቭ አጥተው አይደለም።

ሦስተኛው ተንኮል ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ጩኸት። ሁለት አምፖችን አስተያይተናል የሚሉ ሰዎች ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አድርገው እንደሆነ ጠይቁልን። ብዙዎቹ አላደረጉም። የሰው ጆሮ ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅ ወፍራሙን አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 አሳይተዋል። ስለዚህ በጥቂቱ ከፍ ያለው አምፕ «የሞላ»፣ «የወፈረ»፣ «ሕይወት ያለው» ይመስላል፤ ሌላው ምስኪን «የሳሳ» ይባላል። ፍርዱ የተሰጠው ለድምፁ ጠባይ ሳይሆን ለማዞሪያው ቁልፍ ነው! በዋት የሚፎክሩም አሉ። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ በጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት።

ስፒከሩማ ተረስቷል፤ አንድ መስመር የሚጽፍለት እንኳ የለም። የተለመደው ባለ12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ እየቆረጠ ይጥላል። የተሰበረ የጊታር ድምፅ ያለ እርሱ በቀጥታ ቢሰማ፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የሚመስለው። ከአምፑ ላይ ያለው የስም ሰሌዳ ሲመለክ፣ ድምፁን ቀርጾ የሚያወጣው ወረቀት ግን በጨለማ ሣጥን ውስጥ ስሙ ሳይነሣ ይኖራል። ሥራው የአንዱ፣ ክብሩ የሌላው!

ለመሆኑ ድምፅን ከምክንያቱ ጋር አያይዞ መናገር የማይቻል ነገር ነው? በገናን እንመልከት። የበገና ያ የሚንዘረዘር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ደርዳሪው ያውቃል። በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። ደርዳሪው እሷን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ንዝረቱን ያስተካክላል። «ይህ በገና ነፍስ አለው» ብሎ አያቆምም፤ የማይንዘረዘረውን አውታር በጣቱ ያሳያል፣ ቆዳዋን ያንቀሳቅሳል። ቃሉና እጁ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ከአምፕ ሂስ የምንጠይቀው ይኼንኑ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር አይደለም።

«ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ያደርጋል? ሙዚቃው ይበቃል» ለሚሉ ደግሞ አንድ መልስ አለ። ባዶ ቃል ዋጋ ያስከፍላል። ጥቂት ገንዘብ ቆጥቦ አንድ መናኛ ባለትራንዚስተር አምፕ የገዛ ወጣት፣ «ያንተ ድምፅ እውነተኛ አይደለም» ሲባል ይሰማል። ቀሪ ዓመታቱን ጣቱን በማሠልጠን ፈንታ ስም በማሳደድ ይፈጃቸዋል። ምናልባት የጎደለው ስፒከር ብቻ ነበር። ምናልባትም ምንም አልጎደለውም፤ ማዞሪያውን በጆሮው እየሰማ እንዲፈትን የነገረው ሰው ነው ያጣው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለተዋሰው ቅጽልም ይሠራል። ሰው ገንዘቡን ቢነጠቅ ሠርቶ ይተካል፤ በገዛ ጆሮው ማመን ከተወ ግን ማን ይተካለታል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለት አምፖችን ያነጻጸረ ሰው እኩል ድምፅ ላይ አድርጎ፣ ከተቻለም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያይ ያዳምጥ። ሁለተኛ፣ በየትኛው ጊታር፣ በየትኛው ስፒከርና ሣጥን፣ ቁልፎቹ የት ላይ ሆነው እንደሰማ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ «ሞቃት» ካለ ምን እንደሰማ ይንገረን። ወፍራሙ በዝቶ ነው? ቀጭኑ ተቆርጦ? ወይስ ድምፁ ገና ሲጀምር ለስልሶ? ይህን ካደረገ በኋላ «ሞቃት» ይበል፤ «ማር ማር የሚል» ይበል፤ ከፈለገም ቅኔ ይዝረፍበት። ቃሉ እግር ካለው በኋላ ክንፍ ቢያወጣ ማንም አይከለክለውም።

«እንግሊዛዊ» ብሎ ዝም የሚለውን ግን ከእንግዲህ ራሳችንን ነቅንቀን አናልፈውም። የቱ ቫልቭ፣ የቱ ስፒከር፣ የቱ ሣጥን ብለን እንጠይቀዋለን። ይህን አስተያየት የሚቃወም ወገን ካለ መልሱን ይጻፍ፤ ከመጻፉ በፊት ግን ሁለቱን አምፖች እኩል ያድርጋቸው።