ባለፎቁና ጓሮው፦ የመሐል አዲስ አበባ ሰፈሮች ስብጥር ይጠበቅ ወይስ ይለወጥ?

ይጠበቅ

ያደግሁት ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። በግቢያችን ስድስት አባወራ ነበርን። ከበሩ አጠገብ ባለው ባለፎቅ ቤት ጡረታ የወጡ ዳኛ ይኖራሉ፤ ከጓሮ ደግሞ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ከአራት ልጆቿ ጋር። መሐል ላይ አንድ የጉራጌ ነጋዴ፣ አንድ አናጢ፣ ከወሎ የመጡ አንዲት ሙስሊም እናትና እኛ። ለፋሲካ እኛ በግ ስናርድ ለእኚህ እናት ዶሮ በሙስሊም እጅ ይታረድና በተለየ ድስት ይሠራላቸው ነበር። ድስቱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ጆሮው የተላጠ። እናቴ ለሌላ ነገር አታስነካውም፤ ከቁም ሳጥኑ በላይ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች።

ይህ አኗኗር ረጅም ታሪክ አለው። በምኒልክ ዘመን መኳንንቱ በከተማዋ ቦታ ሲመሩ ወታደራቸውንና አሽከራቸውን ይዘው ሰፈሩ። የጌታው አዳራሽ ከጉብታው ላይ፣ የተከታዩ ጎጆ በዙሪያው ሆነ። ራስ ብሩ ሰፈርም የእኛም ሰፈር ስማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ከእጅ ባለሙያው፣ ዶርዜ ሰፈር ከሸማኔው ተሰየሙ። አራዳ ላይ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና የየመን ዓረቡ ሱቅ ከፈቱ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የነጩና የአገሬው መኖሪያ እንዲለያይ ፕላን አወጣ፤ የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ የዛሬውን መርካቶ ተከለ። ሰውን በፕላን ለይቶ ማስፈር በዚህች ከተማ የወራሪ ሐሳብ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማያልፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። አዋጁ ብዙ ሰው በድሏል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ድሃው ከመሐል ከተማ ሳይነቀል የቆየው በዚያች ትንሽ ኪራይ ነው።

አሁን እየተነቀለ ነው። ከአራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ፈረሰ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች፣ በ2017 ካዛንቺስ ተከተሉ። ያቺን እንጀራ ጋጋሪ አስቧት። ደንበኞቿ ዳኛው፣ ነጋዴውና ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ነበሩ። የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ቤት ሲሰጣት ምጣዷን ይዛ ትሄዳለች፤ ደንበኞቿን ግን ይዛ መሄድ አትችልም። ለቀብርና ለለቅሶ ሁለት ታክሲ ቀይረው ወደ ድሮው ዕድራቸው የሚመላለሱ አዛውንቶችን አውቃለሁ። ሰፈር ሲታደስ ነዋሪው እዚያው ቦታ ላይ ቤት ሊሠራለት ይገባል። የእኔ ሙግት ይኸው ነው።

ይለወጥ

ባልደረባዬ ስለ ሰማያዊው ድስት የጻፉትን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ድስት በእኛም ግቢ ነበር። እኔ ግን የጓሮው ልጅ ነኝ፤ የጓሮውን ልንገራችሁ።

ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ቁልፉ በሲባጎ ታስሮ ከኮክ ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። እናቴ ሌሊት ስትወጣ እኔ ባትሪ ይዤ ደጅ እቆማለሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ውኃ ከቦኖ በጀሪካን እንቀዳለን፣ ወረፋው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ይጀምራል። ጣራው ሲያፈስ ለማደስ ፈቃድ ጠየቅን። ሁለት ክረምት አመላለሱን። በመጨረሻ ላስቲክ ዘርግተን ድንጋይ ጫንንበት፤ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ያ ድንጋይ እዚያው ነበር።

ስብጥሩ ከባለፎቁ ቤት ሲያዩት ያምራል። እኛን እዚያ ያቆየን ግን ሌላ ቦታ በዚያ ኪራይ ቤት አለመገኘቱ ነው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ቤቱን አይሸጥም፣ አስይዞ አይበደርም፣ እንደ ልቡ አያድስም። አርባ ዓመት ኖሮበት ባለቤት አይሆንም። የዳኛው ልጆችና የእኛ እኩዮች አብረን ኳስ ተጫወትን፤ መስከረም ሲጠባ እነሱ ወደ ግል ትምህርት ቤት፣ እኛ ወደ መንግሥት። አጥር መጋራት ዕድል መጋራት አልነበረም።

ባልደረባዬ የብሔርና የሃይማኖት ስብጥሩ ይጠፋል ብለው የሚሰጉ ይመስለኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ነዋሪ አማራው 47 በመቶ፣ ኦሮሞው 19.5፣ ጉራጌው 16.3፣ ትግራዋዩ 6.2 በመቶ ነበር፤ የቀረው ከሌሎች ብሔረሰቦች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በየደረጃው አብሮ ይኖራል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚወጣው ከዚህ ሕዝብ ነው፣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ። ዕጣው የማንንም ዘር አይጠይቅም። እናቴ ዛሬ የምትኖረው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በላይዋ የሐረር ሰው፣ ፊት ለፊቷ የወላይታ ቤተሰብ። የብሎኩ ሰዎች ዕድር አቋቁመዋል፣ ለቅሶውም እርዱም ታች ባለው የጋራ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ ከመኝታ ክፍሏ አምስት እርምጃ ነው። የገባች ለት በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው።

ይጠበቅ፦ አጭር መልስ

የእናትዎ በር ከእኔ ሙግት ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ዕጣ ብሔርን እንደሚያቀላቅልም ተቀበልሁ። ኪስን ግን አያቀላቅልም። ቅድሚያ ክፍያ ወይም የባንክ ዕዳ ያቃተው ባለዕጣ ቤቱን አከራይቶ እሱ በርካሽ የሰው ጓሮ ሲከራይ በየሳይቱ ይታያል። በፈረሰው ሰፈር ላይ የሚቆመው ሕንፃም ለዚያ ሰው መልሶ አይከራይም። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ መሐል ከተማው ለመክፈል የሚችል ብቻ የሚኖርበት ይሆናል፤ ጋጋሪዋ፣ ተሸካሚውና ጥበቃው ማለዳ በሚኒባስ ገብተው ማታ የሚወጡበት።

ይለወጥ፦ አጭር መልስ

እዚህ ላይ እንገናኛለን። ልደታ ሲፈርስ እዚያው ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ ስለዚህ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምቃወመው ጭቃ ቤቱን እንደ ቅርስ ማየት ነው፤ ሰውየው እዚያው ቦታ በጤናማ ቤት ቢኖር ከማንም በላይ ደስ ይለኛል።

እናንተ የመሐል ከተማ ነዋሪዎች፣ ለመልሶ ማልማት ስብሰባ ስትጠሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የምትሄዱበትን ቦታ፣ ካርታው በማን ስም እንደሚወጣ፣ እዚሁ የሚሠራ ቤት ካለ ከእናንተ ስንቱ እንደሚገባበት። መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ በጽሑፍ እስኪሰጣችሁ አትነሡ። የዕድራችሁን መዝገብም ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።