ለቀብር ዕድር አለን፤ ለአራስስ?

በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ አዳራሽ ተሞልቶ ንግግር ይደረጋል። መልእክቱ ሁሌም ያው ነው፤ እናቶች ሆይ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አትስጡ። ምክሩ ልክ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ጠቤ ከምክሩ ጋር ሳይሆን ምክር ሰጥቶ ዘወር ከሚለው ጋር ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ውስጥ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትቸረችር እናት የጎደላት ምክር አይደለም። የጎደላት ቀን ነው፤ ቁጭ ብላ ብታጠባበት ራቷን የማያሳጣት ቀን።

በስሜት የማወራ እንዳይመስላችሁ ቁጥር እናምጣ። በ2008 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶዎቹ ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። በ2011 በተሠራው አነስተኛ ዳሰሳ 59 በመቶ ሆነ። ሦስት ዓመት፣ አንድ ነጥብ። ዋናው ነገር ግን አማካዩ ውስጥ አይታይም። የ2008ቱን በዕድሜ ስትዘረዝሩት፣ ሁለት ወር ያልሞላቸው 74 በመቶ፣ ሁለትና ሦስት ወር የሆናቸው 64 በመቶ፣ አራትና አምስት ወር የሆናቸው ደግሞ 36 በመቶ ናቸው።

እኔ የምበላው ሶፍትዌር ጽፌ ነው። ሰኞ ሲሠራ የነበረ ሲስተም ሐሙስ ከወደቀ «ተጠቃሚው ሐሙስ ዕለት አጠቃቀሙን ረሳ» ብዬ ሪፖርት አላደርግም። በመሃል ምን ተለወጠ ብዬ ነው የምፈልገው። ጡት ብቻ ማጥባትን አብዛኞቹ እናቶች ይጀምሩታል። በመጀመሪያው ወር የሚያውቁት ነገር በአምስተኛው ወር ከጭንቅላታቸው አይተንም። እርግጥ ከፊሉ ልማድ ነው፤ አብሽ፣ ስኳር በውሃ፣ «ጠምቶት ነው» የምትል ጎረቤት። እሱን ምክር ያስተካክለው። ሥራ የገባችውን እናት ግን ምክር ምን ያደርግላታል?

ጡት ሞልቶ የሚጠብቅ ጎተራ አይደለም። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይመረታል፣ ሳይጠባ በዋለ ቁጥር ይቀንሳል። ለጋ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እናቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥታ ከቀኑ 11 ሰዓት ከተመለሰች ስንቱ እንዳመለጠው እናንተው ቁጠሩት። ቤት የቀረችው ትንሽ እህቱ የላም ወተት በውሃ አቅጥና ትሰጠዋለች። ከሳምንታት በኋላ እናትየው «ወተቴ ደረቀ» ስትል «ቶሎ ቶሎ አጥቢው» ትባላለች። በስንት ሰዓት?

ደግሞ «የእናት ጡት ነፃ ነው» የምትባል አባባል አለች። ይቺን ነገር የፈጠራት ሰው አጥብቶ አያውቅም። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ባታገኘው ወተቱ ወዲያው አይቆምም፤ ከራሷ ሰውነት እየተቆረሰ ይመጣል። ነፃ የምንለው ሂሳቡ እኛ ጋ ስላልመጣ ነው።

ሕጉስ? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የወሊድ ፈቃድን አሻሽሏል፤ በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው 90 ሆኗል። ጎሽ! ግን ደምሩት። በሳምንት አምስት የሥራ ቀን ብቻ እያልን በልግስና ብንቆጥረው እንኳ አራት ወር ገደማ ነው። ምክሩ ደግሞ ስድስት ወር ይላል። ይህ እንግዲህ ደሞዝና መታወቂያ ላላት ነው። የቤት ሠራተኛዋ በአዋጁ አትሸፈንም፤ ጉዳይዋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ተብሎ ታልፏል። ግንባታ ላይ አሸዋ የምትሸከመው የቀን ሠራተኛ በወረቀት መብት ቢኖራት እንኳ እሷን ለማሰናበት ነገ አለመጥራት ይበቃል። ጉሊት ቸርቻሪዋና እንጀራ ጋጋሪዋማ ፈቃድ የሚጠይቁት አሠሪም የላቸውም።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት «ለእናቶች የማጥቢያ ሰዓት የሚያስታውስ አፕ ሥራልን» አለኝ። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን የሚያረጥባት ሴት ሰዓቱን ስልክ እንዲያስታውሳት! «ከመልእክቱ ጋር ብር ይላካል?» ብዬ ጠየቅኩ። «እሱ ከፕሮጀክቱ ውጭ ነው» ተባልኩ። ሥራውን አልወሰድኩትም። ለሚገርመው ሰው ልንገረው፤ ብር መላክ መልእክት ከመላክ ያን ያህል የራቀ ሥራ አይደለም። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ማን እንደወለደች የሚያውቁ ናቸው። የጠፋው ቴክኖሎጂ አይደለም፤ የጠፋው «እንክፈል» የሚል ውሳኔ ነው።

«እናቶቻችን እኮ አዝለው እያረሙ ነው ያሳደጉን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ አዝለው! ልጁና ሥራው አንድ ቦታ ነበሩ። ሲርበው ከጀርባ ወደ ፊት ማዞር ነው። ዛሬ ሕፃን ያዘለች ሴት ግንባታ ቦታ ማን ያስገባታል? ብትገባስ የሲሚንቶ ብናኝ ውስጥ የት ታስተኛዋለች? «አቅሟን ሳታውቅ ለምን ወለደች» ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ሕፃኑ ተወልዷል፣ አሁን ርቦታል።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ይምጣ?» የሚለው ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ነው። ግን ይህችው ድሃ አገር በ1997 በጀመረችው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ተነስታ ክፍያዋ ሳይቋረጥ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር ደንግጋለች። ስለዚህ መርሁ ገብቶናል፤ ማጥባት ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል። የጎደለው በፕሮግራሙ ያልታቀፈችውን የከተማ ቸርቻሪ እዚያው መርህ ውስጥ ማስገባት ነው። ህንድንም እዩ። ሞባይል ክሬሽስ የሚባል ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ዴልሂ ላይ ለግንባታ ሠራተኞች ልጆች እዚያው ግንባታው ቦታ ላይ ማቆያ መክፈት ጀመረ። በ1996 የወጣው የአገሪቱ የግንባታ ሠራተኞች ሕግ ደግሞ ከ50 በላይ ሴቶች የሚሠሩበት ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው አስገድዶ ነበር። ህንድም ያኔ ሀብታም አልነበረችም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቋሚ ገቢ ለሌላት እናት ለስድስት ወር በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ። ሁለተኛ፣ በየትልልቁ ገበያ፣ ብዙ ሴቶች በሚሠሩበት ግንባታም ላይ፣ ውሃና ተንከባካቢ ያለው አንድ ክፍል፤ የግንባታውም ወጪ ጨረታው ውስጥ ይካተት። ጣና ዳር አበባና መብራት ለመትከል ቦታ ያገኘች ከተማ ለዚህ አንድ ክፍል ታጣለች ብዬ አላምንም። ሦስተኛ፣ የወሊድ ፈቃዱ ከምክሩ ጋር ይታረቅ፣ የቤት ሠራተኛዋም ደንብ ይውጣ።

ይህ ባዕድ ሐሳብ ነው እንዳትሉኝ። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛዋን «አይዞሽ» ብሎ ብቻ የሚሄድ ዕድር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል። ለአራስም እንዲሁ ነበርን፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትለው ጎረቤት ገንፎዋን ይዛ ነበር የምትመጣው። ያ ደግነት ዛሬም አለ፤ ግን ከገጠር መጥታ፣ ዘመድ ሳይኖራት አንድ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ሴት አይደርስም፤ ለሌሎቹም ቢሆን ክርስትናው ሲነሣ፣ በ40 ወይም በ80 ቀን ይበተናል። ከዚያ እስከ ስድስት ወር ያለውን የሚሸከም አካል ያስፈልጋል፤ እሱም መንግሥት ነው፣ ግብር የምንከፍለውም ለዚህ ነው። እስከዚያው ድረስ ለእናቶች መስበኩ ይቅርብን። እነሱ የሚችሉትን አድርገዋል፤ ተራው የእኛ ነው።