ዕዳው ይከፈል፤ ግን ከየትኛው ደመወዝ?

ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ወጪ ይጋራ ወይስ አይጋራ የሚለው ክርክር በመኝታ ቤታችን መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ አያልቅም። እኛ ይጋራ ከሚሉት ወገን ነን። የምንበላው እንጀራ የገዛ ልጁን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ማስተማር ያልቻለው ገበሬ ከከፈለው ግብር ጭምር የመጣ ስለ ሆነ፣ ተምረን ደመወዝተኛ ከሆንን በኋላ ምንም አንመልስም ማለት ያሳፍራል።

የማንስማማው በአከፋፈሉ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ እንዲከፍል አዘዘ፤ ገቢው ስንት ሲደርስ መክፈል እንደሚጀምር ግን ወለል አላበጀም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን የመሰለ ሥርዓት ስታቆም፣ ገቢው ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ሰው እስኪሻለው ድረስ እንዳይከፍል አድርጋለች።

ከመቶ 10 ለሁሉም እኩል ነው ይሉናል። በወረቀት ላይ እውነት ነው! ዳሩ ግን ባለ ትልቅ ደመወዙ የሚከፍለው ከሚተርፈው ነው፤ ጀማሪው ሠራተኛ የሚከፍለው ከቤት ኪራዩና ለታናናሾቹ ደብተር መግዣ ከሚልከው ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ዕዳውን የሚከፍሉለት ታናናሾቹ ናቸው።

ስለዚህ ማኅበራችን ዕዳው ይሰረዝልን ከማለት ይልቅ ወለል ይበጅለት ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል እንላለን። ልኩ ስንት ይሁን? የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን አስልተው ቢጽፉልን በሚመጣው እትም እናወጣዋለን፤ የሚቃወመንም ይጻፍልን።