የዘካርያስ ብራና



ዛሬ የምናስበው መጥምቁ ዮሐንስ ስም የወጣለት በምልክት በተደረገ ንግግር መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እንደተጻፈው፣ እናቲቱ ዮሐንስ ይባል ብትልም ዘመድ አዝማድ ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት ፈለጉ፤ አንደበቱ የተያዘውን ዘካርያስንም በምልክት ጠየቁት። እርሱም ብራና ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። ከዘመዶቹ አንዱ «ሐሳቡን እኔ ዐውቃለሁ» ብሎ መልሶለት ቢሆን ኖሮ፣ ሕፃኑ ዘካርያስ በተባለ ነበር።

ይህን ያነሣነው፣ በየሐኪም ቤቱና በየችሎቱ መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን «ሐሳቡን ዐውቃለሁ» ባዮች ዛሬም ስለሚቆሙ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ለሐኪም ሲያስረዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ልጁ ያፈረበትን ይዘላል፤ ያልገባውን ይገምታል፤ መድኃኒቱ ግን የሚታዘዘው በእርሱ ቃል ነው።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በጆሃንስበርግ በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ከዓለም መሪዎች ጎን ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ የዋለው ሰው ምልክቱ ትርጉም አልባ መሆኑን የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ወዲያው አጋለጡ። ዓለም እያየ እንዲህ ከሆነ፣ በር በተዘጋበት የምርመራ ክፍል የሚሆነውን ማን ያየዋል?

የሙያው ሥርዓት የሚጠይቀው የተሰወረ አይደለም፤ የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ አለማድላት፣ ከዐቅም በላይ የሆነውን አልችልም ማለት ነው። በረዥም ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚዎች በየሃያ ደቂቃው ገደማ መፈራረቃቸውም ለምቾት አይደለም፤ አእምሮ ሲደክም ቃል ይወድቃልና።

ንስሐንም እናስብ። ካህኑ የሰሙትን እንዳያወጡ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ያስራቸዋል። በመካከል የቆመውን አስተርጓሚ ግን የሚያስረው ምንድን ነው? ኑዛዜው በእኅት ወይም በባል እጅ የሚተረጎምባት ሴት የልቧን ሁሉ አውጥታ ትናገራለች ብለን እናምናለን?

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ በአንቀጽ 9 የሚጠቅሰውም ባለሙያ አስተርጓሚን እንጂ በአጠገብ የተገኘን ሰው አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል።

ዲግሪው ብቻውን ግን አይበቃም እንላለን። ለሐኪም ቤትና ለችሎት የሚመደብ አስተርጓሚ በፈተና ይመዘን፤ ቃለ መሐላ ይፈጽም፤ ሲያጠፋም የሚጠይቀው አካል ይኑር። ከፈታኞቹ መካከልም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይቀመጡ፤ በጆሃንስበርግ ሐሰቱን የለዩት እነርሱ ነበሩና።