ኢ-ሪደር ለማን ይገዛ?
ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ኢ-ሪደር (የዲጂታል መጻሕፍት ማንበቢያ መሣሪያ) ይታዘዝ ወይ ለሚሉኝ ወላጆች መልሴ አዎ ነው፤ ግን እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ ካላቸው ብቻ። እንደ ኪንድል ያሉት መሣሪያዎች ስክሪናቸው ኤሌክትሪክ የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረጉ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው ድረ ገጽም ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን፣ አብዛኞቹን በእንግሊዝኛ፣ በነፃ ያድላል። ከሁሉ በላይ እኔን ደስ የሚለኝ፣ ልጁ ሲያነብ ቲክቶክ የማይጠራው መሆኑ ነው። አማርኛ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በየስልኩ የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት በብዛት ገጽ በገጽ ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው፤ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ይደቃል፣ ላሳድገው ቢሉ ደግሞ ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። ብዙዎቹ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተባዙ መሆናቸውም ያሳዝነኛል፤ ልጅን ይህን ማስለመድ አይገባም። ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ያለበት ቤት ገንዘቡን የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ይግዛበት፤ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለት መጽሐፍ ይይዛሉ፣ አንብበው የጨረሱትንም ለጎረቤት ልጅ ያውሳሉ።