የሰሊጥ አጨዳና የወጣትነት ዘመን

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ አካባቢ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ትልቅ ጥድፊያ ይጀመራል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ዓይን ማየት እስከሚችለው ድረስ ማሽላና ሰሊጥ ተዘርቶበታል። ማሽላው ጥቂት ቀን ቢያቆዩት ይቆያል። ሰሊጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ቅጠሉ ብጫ መሆን ሲጀምር፣ ፍሬውን የያዘው ማኅደር ገና ሳይከፈት ታጭዶ መታሰር፣ ነዶውም ቀጥ ብሎ ቆሞ መድረቅ አለበት። ጥቂት ቀናት ካለፉት ማኅደሩ በእግሩ እንደቆመ ይከፈትና ፍሬው ነፋስ በነካው ቁጥር ይረግፋል። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ የገባውን ሰሊጥ ለቅሞ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ የሰሊጥ ገበሬ በዚያ ወቅት «ነገ» የሚለውን ቃል ይፈራል።

የወጣትነት ዘመንም ከዚህ ሰብል ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለ። ጉልበት ሳይደክም፣ አእምሮም ያዩትንና የሰሙትን ፈጥኖ በሚይዝበት ጊዜ የሚሰበሰብ ሀብት ነው። ይሁንና ብዙ ወጣት «ገና ልጅ ነኝ፤ ሁሉም ይደርሳል» በማለት ትምህርቱንም፣ ሙያውንም፣ ከወላጆቹ ጋር ሊፈጽመው የሚገባውን ዕርቅም ለነገ ያሳድራል። ይህ አስተሳሰብ አንድ ስሕተት አለበት፤ ሞት ሰዎችን የሚጠራው በዕድሜ ተራ ነው ብሎ ያምናል።

ሞት ተራ እንደማይጠብቅ የዚሁ አካባቢ ታሪክ ይመሰክራል። ከገዳሪፍ ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ ድንበሩን የሚሻገረው በጋላባትና በመተማ መካከል ነው። በመተማ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጦር ጋር ገጠሙ። ድሉ ለኢትዮጵያ ጦር የተቃረበ መስሎ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱን ጥይት አገኛቸው፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ከእርሳቸው በፊት ደግሞ ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ሞተው ነበር። በዚህም ምክንያት የወራሽነቱ ጉዳይ በሞት አልጋ ላይ የሚነገር ኑዛዜ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ራስ መንገሻ ልጃቸው መሆናቸውን ገልጸው ዙፋኑን ቢያወርሷቸውም፣ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። ልጅ ከአባት ቀደመ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የተነገረውም ቃል ሊፈጸም አልቻለም። በንጉሥ ላይ የደረሰው ይህ ነገር በማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሞትም ሁልጊዜ በጦር ሜዳ አይመጣም። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ። በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖር አንዲት ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ሌሊት ሜዳ ላይ የተኛውን ሠራተኛ ነድፋ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው በዚያው ቀን አይታወቅም። ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ወጣቱ ደመወዙን ይዞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ወዲያ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከሙ 100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። በጊዜው ወደ ሐኪም የቀረበ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። «ወጣት ነኝ፤ ያልፍልኛል» ብሎ ሕክምናን የሚያዘገይ ሰው የገዛ ጉልበቱ ያታልለዋል።

እዚህ ላይ ተቃራኒ አሳብ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። «የሞት ቀን ካልታወቀ መልፋት ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ መብላትና መጠጣት አይሻልምን?» ይላል። ሁለት አጫጆች የአንድ ወቅት ደመወዛቸውን እኩል ተቀበሉ ይባል። አንደኛው በሳምንት ውስጥ በመጠጥ ቤት ጨረሰው። ሁለተኛው ለእናቱ ልብስ ገዛ፤ ለታናሽ እኅቱ የትምህርት መሣሪያ አሟላ፤ በተረፈውም ሙያ ተማረበት። ሁለቱም ረጅም ዕድሜ ቢኖሩ ሁለተኛው የተሻለ ኑሮ ይኖራል። ሁለቱም በሚቀጥለው ወር ቢሞቱስ? የመጀመሪያው የተወው ነገር የለም፤ የሁለተኛው እኅት ግን ትምህርቷን ትቀጥላለች። እንግዲህ ዕድሜ ቢረዝምም ቢያጥርም የማይከስረው ሁለተኛው ነው። ደስታ አይገባም ማለት ግን አይደለም፤ መጫወት፣ መዝፈንና ከጓደኛ ጋር መሳቅ የወጣትነት ወግ ነው። ጥፋቱ ዘመኑን በሙሉ ለጨዋታ ብቻ መስጠቱ ላይ ነው።

ከገዳሪፍ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈርም ሊታሰብ ይገባዋል። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ተጠልለውበታል፤ ከመካከላቸውም ብዙዎች ሕይወታቸው በዚያው አልፏል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው በዚያው ስፍራ ሰፈሩ። ቤት፣ እህልና ከብት በኋላ ቀረ። ከስደተኞቹ መካከል መምህራን የነበሩ ሰዎች ግን ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በፈነዳ ጊዜም መንገዱ ተገለበጠ፤ ብዙ ሰዎች ከሱዳን ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በሁለቱም ጊዜ ሰው ይዞት ሊወጣ የቻለው ዋና ንብረት በወጣትነቱ የተማረው ትምህርትና የለመደው ሙያ ነበር። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ትቶ ቢሰደድም ፊደሉን ትቶ አልሄደም።

ስለዚህ የሞት ቀን አለመታወቁ ወጣትን ሊያስደነግጠው ወይም ሊያሰንፈው አይገባም። ይልቁንም የዛሬውን ሥራ በዛሬው ቀን እንዲፈጽም ሊያተጋው ይገባል። ያልገባውን ትምህርት ዛሬ ይጠይቅ፤ ያስቀየመውን ወዳጅ ዛሬ ይቅርታ ይለምን፤ የታመመ እንደሆነ ዛሬ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለወላጆቹ ያለውን ፍቅር በሕይወት ሳሉ ይግለጽላቸው። እነዚህ ነገሮች ታላቅ ሀብት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አለመዘግየትን ብቻ ነው።

የገዳሪፍ ገበሬ ዝናቡ በሚመጣው ዓመት እንደሚዘንብ፣ ራሱም ለሚመጣው አጨዳ እንደሚደርስ ዋስትና የለውም። ይህን ስለሚያውቅ ማጭዱን አስቀምጦ አይተክዝም። ሰሊጡ ብጫ መሆን ሲጀምር፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወደ እርሻው ይወጣል።