ተማሪ የሚሸመድደው፣ ታካሚ የሚውጠው ምህጻረ ቃል

ነርሲንግ ለመማር አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች መርፌ መውጋትም ሆነ የደም ግፊት መለካት በቅጡ ሳይለማመዱ የሚጋፈጡት አንድ ሸክም አለ። እሱም ገጽ ሙሉ ምህጻረ ቃል ነው። «ቢ.አይ.ዲ.» በቀን ሁለት ጊዜ፣ «ቲ.አይ.ዲ.» ሦስት ጊዜ፣ «ኪው.አይ.ዲ.» አራት ጊዜ፣ «ፒ.ኦ.» በአፍ የሚወሰድ፣ «ኤን.ፒ.ኦ.» በአፍ ምንም እንዳይወሰድ፣ «ፒ.አር.ኤን.» ሲያስፈልግ ብቻ፣ «ስታት» ደግሞ አሁኑኑ ማለት ነው። ተማሪው በጋዎኑ ኪስ በሚይዛት ትንሽ ደብተር ላይ ይገለብጣቸዋል፣ ማታ በመኝታ ክፍሉ ከጓደኛው ጋር ይጠያየቃል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ትምህርት ግማሽ ነው የሚል ነው። ተማሪው ፊደላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ተምሯል። የትኞቹን መጻፍ እንደሌለበት፣ የትኞቹን ሲያይ ቆም ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ግን ብዙ ጊዜ በደንብ አልተነገረውም። ይህ የነርሶች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ገጹን ለመገልበጥ የሚቸኩል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰን። በካርድ ላይ የሚሰፍሩት እነዚያ ሁለትና ሦስት ፊደላት ጉዟቸውን የሚጨርሱት በታካሚው አፍ ወይም ክንድ ውስጥ ነውና።

ከምንጫቸው እንጀምር። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ የምናያቸው ምህጻረ ቃላት አብዛኞቹ እንግሊዝኛም አይደሉም፤ የላቲን ቋንቋ ቅሪቶች ናቸው። «ቢ.አይ.ዲ.» የሚለው «ቢስ ኢን ዲዬ» ከሚለው የመጣ ሲሆን «በቀን ሁለት ጊዜ» ማለት ነው። «ቴር» ሦስት ጊዜ፣ «ኳተር» አራት ጊዜ ነው። እንግዲህ የእኛን ተማሪ አስቡት። አፉን የፈታው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ ሊሆን ይችላል። የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። የሚሸመድደው ደግሞ የላቲን ምህጻር ነው። ለታካሚው ማስረዳት ያለበት ግን እንደገና በአገሩ ቋንቋ ነው። በዚህ ሁሉ መሸጋገሪያ ላይ አንድ ነገር ቢንጠባጠብ ሊደንቀን አይገባም። በነገራችን ላይ፣ መምህራን «ቢስ፣ ቴር፣ ኳተር» የሚለውን ምንጭ በአምስት ደቂቃ ቢያስረዱ ተማሪው ያለ ሽምደዳ ይይዘው ነበር።

ምህጻረ ቃል ጨርሶ ይቅር ማለት አይቻልም። በአንድ ተረኛ ነርስ እጅ ብዙ ታካሚዎች በሚገኙበት ዋርድ ውስጥ እያንዳንዱን ነገር ዘርዝሮ መጻፍ ከባድ ነው። በድንገተኛ ክፍል «ስታት» የምትለው አንዲት ቃል ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ታንቀሳቅሳለች። «ኦ.አር.ኤስ.» ሲባልማ የገጠር እናት ሳትቀር ለተቅማጥ የሚሰጠውን የንጥረ ነገር ዱቄት ታውቀዋለች። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ትርጉም ሊይዙ ከሚችሉትና በእጅ ሲጻፉ ሌላ ነገር ከሚመስሉት ጋር ነው።

በእጅ ሲጻፉ ከሚያሳስቱት አንዱ «ኪው.ዲ.» ነው። «በየቀኑ አንድ ጊዜ» ማለት ነው። በሁለቱ ፊደላት መካከል ያለችው ነጥብ ትንሽ ረዘም ካለች ግን «ኪው.አይ.ዲ.» ትሆናለች፤ ይህም በቀን አራት ጊዜ ነው። ጉዳዩ ቫይታሚን ከሆነ ላያስከትል ይችላል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን ከሆነ ግን አራት እጥፍ መጠን ልብን እስከ ማዛባት የሚያደርስ መርዝ ነው። በአገራችን ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚጎዳባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም፤ ከእነሱ መካከል ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አሉና ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

ሌላው በኢንሱሊን ማዘዣ ላይ የሚጻፈው የ«ዩኒት» ምህጻር ነው። በላቲን ፊደል «ዩ» አፏ ወደ ላይ የተከፈተ ጽዋ ትመስላለች። ጸሐፊው ሲቸኩል ጽዋዋ ከላይ ትገጥምና ዜሮ ትሆናለች። «6 ዩኒት» ተብሎ የታዘዘው 60 ሆኖ ይነበባል። አሥር እጥፍ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው የደሙ ስኳር በፍጥነት ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ካልተደረሰለት ራሱን ስቶ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሁሉ «ዩኒት» የሚለውን ቃል ሙሉውን ላለመጻፍ በተቆጠበ አንድ ሰከንድ ምክንያት ነው።

የቁጥር ነጥብም እንዲሁ ናት። «1.0 ሚሊ ግራም» ተብሎ ሲጻፍ ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል። «.5» ተብሎ ያለ ዜሮ ሲጀመር ደግሞ 5 ይመስላል። ትክክለኛው አጻጻፍ ሙሉ ቁጥር ከሆነ «1» ብቻ፣ ከአንድ ካነሰ ደግሞ «0.5» ነው። ማይክሮ ግራምን በምህጻር መጻፍም ከሚሊ ግራም ጋር ያምታታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ሁለት መድኃኒቶችን የሚያጋባው ምህጻር ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት በእርግዝና ደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣ ማንቀጥቀጥ የሚሰጥ፣ በማዋለጃ ክፍሎቻችን እናቶችን የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ሞርፊን ሰልፌት ደግሞ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሆኖ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያዳክማል። በኬሚካል ምህጻር ሲጻፉ የሚለያያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

በአሜሪካ የጤና ተቋማትን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በአውሮፓውያኑ 2004 «አትጠቀሙ» የሚል አጭር ዝርዝር አውጥቷል። ከላይ የጠቀስናቸው የ«ኪው.ዲ.»፣ የ«ዩኒት»፣ የነጥብና ዜሮ፣ የሞርፊንና የማግኒዥየም ምህጻሮች በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል። ዝርዝሩ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ የሚያልቅ ስለሆነ በየነርስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ በጀት አይጠይቅም።

አንዳንዶቹ ደግሞ በጥሩ ጽሕፈት ቢጻፉም ያሳስታሉ። «ኦ.ዲ.» በአንዱ ማዘዣ ላይ «በቀን አንድ ጊዜ»፣ በዓይን ሕክምና ክፍል ግን «ቀኝ ዓይን» ነው። «ቢ.ኤፍ.» በወባማ አካባቢ ሁሉም የሚያውቀው የደም ምርመራ ሲሆን በእናቶች ክፍል ደግሞ ጡት ማጥባት ማለት ነው። «ሲ.ኤስ.» በማዋለጃ ክፍል በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ በላቦራቶሪ ግን ተህዋሲውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው የሚለይ ምርመራ ነው። ተማሪ ከአንዱ ዋርድ ወደ ሌላው በየጥቂት ሳምንቱ ሲዘዋወር ፊደሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጥበታል። በወረቀት ፈተና ላይ ለእያንዳንዱ ምህጻር አንድ መልስ ብቻ እንዳለው አድርጎ የተማረ ልጅ እዚህ ላይ መሰናከሉ አይቀርም።

ሌላ አገር የተዘጋጁ መጻሕፍት ፈጽሞ የማያነሱት የእኛ የራሳችን ወጥመድም አለ። እሱም የሰዓት አቆጣጠር ነው። «ቲ.አይ.ዲ.» የታዘዘ መድኃኒት በየ8 ሰዓት ልዩነት ይሰጥ ቢባል በካርድ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር «6፣ 2፣ 10» ተብሎ ይጻፋል እንበል። ይህም በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ማለት ነው። አሁን ይህችን ወረቀት ለአስታማሚ እንስጣት። አስታማሚዋ በራሷ ሰዓት ታነበዋለች፤ ከጠዋቱ 2፣ ቀን 6፣ ከሰዓት በኋላ 10። ሦስቱም ተስማሚ ሰዓቶች ስለሆኑ ምንም አትጠራጠርም። ውጤቱ ግን ሦስቱም ክኒኖች በአራት አራት ሰዓት ልዩነት ቀኑን ተውጠው፣ ከ10 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ 16 ሰዓት ሙሉ ሰውነት ያለ መድኃኒት ያድራል። መድኃኒቱ ፀረ ተህዋሲ ከሆነ በዚያ ረጅም ሌሊት ተህዋሲው ፋታ ያገኛል። አስታማሚዋ ግን ታማኝ ነበረች፤ አንድም ክኒን አላስቀረችም።

«በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን «በ8 ሰዓት» ብሎ የሚሰማም አለ። «በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል «ቀን» ሌሊቱን ይጨምር አይጨምር ግልጽ አይደለም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች በካርቶኑ ላይ ጫር የሚያደርጓት «1×2» ደግሞ ለባለሙያው «አንድ አንድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ናት። ለእማማ ግን «አንድ ወይም ሁለት» ልትሆን ትችላለች። «2×1» ቢሆንስ? ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ። ለልጆች ሽሮፕ «አንድ ማንኪያ» ሲባልም የሻይ ማንኪያው 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሦስት እጥፍ ልዩነት አለ። ለታካሚ በሚሰጥ ወረቀት ላይ ምህጻርና ምልክት ከቶ መኖር የለባቸውም የምለው ለዚህ ነው። «ጠዋት ስትነሺ አንድ፣ ማታ ስትተኚ አንድ» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?

ወደ ተማሪዋ እንመለስ። ሐኪሙ ለታካሚ ያዘዘውን የማይነበብ ምህጻር በእጇ ይዛ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆማለች እንበል። ለመገመት ትችላለች፤ ሰሌዳ ላይ ስትማረው ብዙ ጊዜ ገምታ ትክክል ሆናለችና። ለመጠየቅም ትችላለች፤ ግን ዶክተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ሲኒየሯ ሲስተር «ይህንንም አታውቂም?» ትላታለች ብላ ትፈራለች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ? እዚህ ላይ የሚቀረው ግን ሹመት ሳይሆን ሰው ነው። ከማዘዣው እስከ ታካሚው ባለው ሰንሰለት ላይ ነርሷ የመጨረሻዋ እጅ ናት። ከእሷ በኋላ ስህተቱን የሚይዝ ማንም የለም።

ስለዚህ የነርሲንግ መምህራን ፈተናውን ራሱን ቢለውጡት ጥሩ ነው። «ኪው.ዲ. ምን ማለት ነው?» ከማለት ይልቅ የተጨማለቀ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ማዘዣ አቅርበው «ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ «ያዘዘውን ሐኪም እጠይቃለሁ» ብሎ ለመለሰም ሙሉ ነጥብ ይስጡ። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ተማሪ ዜሮ የሚያገኝባቸው ፈተናዎች ሞልተዋል። በዋርድም ቢሆን በስልክ የተሰጠ ትዕዛዝን ጽፎ መልሶ ማንበብ፣ «አሥራ አምስት» ሲባል «አንድ አምስት» ብሎ ማረጋገጥ ሊለመድ ይገባል። የሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ የጠየቀችውን ተማሪ የሚያመናጭቅ ሐኪም ወይም ነርስ ሲያዩ የጠባይ ጉዳይ ነው ብለው ማለፍ የለባቸውም፤ የታካሚ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

አንባቢያንም ድርሻ አላችሁ። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ከመራቃችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደታዘዘ፣ ስንት ፍሬ፣ በእኛ አቆጣጠር በስንት ሰዓትና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ለባለሙያው ንገሩት። ማንበብ የማይችል ዘመድ ካለ የሚችል ሰው ይዞ ይሂድ፤ ወይም ባለሙያው በካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሳልለት።

በካርቶኑ ጫፍ ላይ የምታገኟትን «ኢ.ኤክስ.ፒ.» የምትል ምህጻርም አትለፏት። መድኃኒቱ አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ጊዜ ታመለክታለች፤ ቁጥሩ ግን በፈረንጅ ዘመን ነው። «06/2025» የሚል መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጊዜው አልፎበታል። በ2018 ዓ.ም. በቤቱ መደርደሪያ ላይ ያገኘው ሰው ግን ገና ሰባት ዓመት የቀረው መስሎት ለልጁ ሊሰጠው ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ከፈረንጁ ቁጥር ላይ ቀንሱ። ስድስተኛው ወርም ሰኔ እንጂ የካቲት አይደለም። ካልተመቻችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ መድኃኒት ቤት ጎራ በሉ፤ አንብቦ ለመንገር ማንም አያስከፍላችሁም።